ሚሚ ሶሬ

«ጮክ ብለህ አታንብብ» አለች የሺወርቅ። «ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው አፉ ንፍሮ ላይ ነው እንጂ ጆሮው እዚህ ነው።»

ወንዳፍራሽ ድምፁን ዋጥ አደረገ። ጓዳ ውስጥ ናቸው፤ እሷ መደቡ ላይ፣ እሱ በርጩማ ላይ። በመካከላቸው ጥቁር ሣጥን ተከፍቷል። ውስጡ ቀይ ከፋይ ነው፤ ከከፋዩ መሐል የእባብ መተኛ የመሰለ ረዘም ያለ ጎድጓዳ አለ። እዚያ መተኛት የነበረበት የብር ፍሉት፣ የፈረንጁ ዋሽንት፣ ግን የለም። ያለው አንድ ቀጭን ደብተር ብቻ ነው። የደብተሩ ባለቤት፣ የየሺወርቅ ባል ሙሴ ተድላ፣ ከተቀበረ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላውም።

«ፍሉቱን ማን አነሣው እትዬ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አቧራውን ልጥረግ ብዬ እጄን ስዘረጋ ‹ተይው የሺ፣ የሰው ላብ አይወድም› ያሉኝ ዕቃ ነው። አንብብልኝ ብዬ የጠራሁህ ደብተሩን ነው። እዚህ ጋ፣ ጥጉ የታጠፈው።»

ወንዳፍራሽ ማለት በጅማ መንገድ ዳር ከሙሄዲን ሱቅ በረንዳ ተቀምጦ ለሰበታ ሰው ደብዳቤ የሚያነብና የሚጽፍ ሰው ነው። ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እሱ ግን «እኔ አልቆምኩም፣ ክፍሉ ነው ያለቀው» ይላል። ደብዳቤ ሲያነብ አይሰስትም። ከአርሲ «በሬው ሞተ» ተብሎ የመጣን ወረቀት «በሬው ሞተ፤ ላሟም በሐዘን ሣር አልቀምስ ብላለች» ብሎ አንብቦ፣ የበሬው ባለቤት ላሟን ሊያጽናና አርሲ ድረስ ወርዷል። እንደዚህም ሆኖ ሰው ይወደዋል። ደረቅ ደብዳቤ ከማንም አፍ ይገኛል።

የታጠፈውን ገጽ ገለጠ። ከላይ «ሰባተኛ። ከቤት።» ይላል። ከሥሩ ያሉት ፊደሎች ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ ወንዝ ሲሻገሩ የሚረገጥ ድንጋይ ይመስላሉ። ሚ። ሚ። ሶ። ሬ። ወንዳፍራሽ ደግሞ ተለያይቶ የተቀመጠ ፊደል ሲያይ አያስችለውም። እሱ ዘንድ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ ፊደሉ እንደ ገበያ ዶሮ የተበተነ ነው፤ የአንባቢ ሙያ መሰብሰብ ነው። ሰበሰባቸው።

«ሚሚ ሶሬ» አለ።

ውጭ ዘመድ ሳይመጣ አልቀረም፣ ለቅሶው ድንገት ከፍ ብሎ ተመልሶ ረገበ።

«ማናት?»

«እኔ እንጃ እትዬ። ሚሚ ነው የሚለው። የአባቷ ስም ሶሬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዝም ይላል።»

«ምኑ ነው ዝም የሚለው?»

«‹ዝም› የሚል ቃል አለ። ሚሚ ሶሬ። ዝም። ከዚያ ደግሞ ሚሚ ሶሬ።»

«ዝም በይ ብሏታል» አለች የሺወርቅ ቀስ ብላ። «ከላይ ምን ነበር ያልከው? ከቤት? ከማን ቤት?»

«ከቤት ብቻ ነው።»

«ከኔ ቤት።» እጇን ጉልበቷ ላይ አኖረች። «ሌላስ?»

ሌላ የለም። ገጹ በሞላ ሚሚ ሶሬና ዝም ነው። ግን «ሌላስ?» ሲባል ወንዳፍራሽን ምላሱ ይበላዋል፤ «ሌላ የለም» ብሎ የሸኘው ባለ ደብዳቤ ኖሮ አያውቅም። ሙሴ ተድላ በየሐሙሱ ያንን ሣጥን ይዞ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከዚያ በአምቦ መንገድ ቡራዩ እንደሚሄድ ሰበታ ውስጥ የማያውቅ የለም። ለምን እንደሚሄድ ነው የማይታወቀው።

«ሐሙስ ይላል» አለ ወንዳፍራሽ። «ሐሙስ፣ ቡራዩ።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጨው የነሰነሰ እንጂ መርዝ የጨመረ አልመሰለውም።

የሺወርቅ ተነሣች። ሃያ ሁለት ዓመት ባሏን «እርስዎ» ስትል የኖረች ሴት ናት፤ ጎረቤት ፊት ቀርቶ ዶሮ ስታባርር እንኳን «እሳቸው እንዳይረበሹ» ነው የምትለው። አሁን ወደ ባዶው ሣጥን እያየች «ፍሉቱንም ለሷ ሰጥቷታል» አለች። ሰጥቷታል። ሰጥተዋታል አይደለም። ወንዳፍራሽ ያቺን አንዲት ፊደል ስትጎድል ሰማ፤ ከዛፍ ላይ ቅርንጫፍ የተገነጠለ ያህል ሰማ።

ከዚያ ነጠላዋን አወረደች። እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ነበር የለበሰችው፣ ጥለቱ አንገቷ ሥር ሆኖ። ገለበጠችው። ጥለቱን ወደ ታች ጣለችና ልክ ማኅበር እንደሚሄድ ሰው ትከሻዋ ላይ አጣፋችው።

«ሠልስቱን ለሰው ስል እቀመጣለሁ» አለች። «ከሠልስት በኋላ ድንኳኑ ይፈርሳል። ከኔ አርባ የለም፣ ሰማንያ የለም። ተዝካሩን ሚሚ ታውጣለት።»

መጋረጃውን ገልጣ ወደ ለቀስተኛው ወጣች።

*

ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ የነጠላዋን ጥለት አዩ። ወሬ በእግር ቢሄድ ኖሮ ያን ቀን ከሰበታ ተነሥቶ ዓለም ገና ላይ ያድር ነበር።

«አእምሮዋን ሐዘን ነክቶት ነው» አለች አንዷ።

«ሐዘንማ ነጠላ አያቃናም» አለች አረጋሽ፣ አጥር የምትጋራ ጎረቤቷ። «አንድ ነገር አግኝታለች። ሣጥኑን ከፍታ ነበር።»

በወንዶቹ በኩል ካርታ ይጫወታሉ። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ባጫ፣ ማለዳ ሞቱን ለከተማው የለፈፈው ሰው፣ ጥሩምባውን እግሩ ሥር አስተኝቶ ካርታውን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ተጠግቶ ይይዛል።

«ዛሬ ስነፋ ፈራሁ» አለ ባጫ። «በሕይወት እያሉ ሁሌ ከደጃፍ ወጥተው ‹ኦቦ ባጫ፣ ዝቅ ብሏል፣ ዝቅ ብሏል› ይሉኝ ነበር። ሰው ሞቶ እየለፈፍኩ ሬሳው ቆይቶ ይቀበር፣ አንተ ድምፅህን አስተካክል የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ዛሬ ተነሥተው ያርሙኛል ብዬ ጠበቅሁ።»

ሳቅ መጣ፤ በእጅ ተሸፍኖ አለፈ።

ወንዳፍራሽ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይኼኔ ነው ጨዋታውን የሚቀማው። የሙሴ ተድላን ታሪክ እንደሱ የሚያወራ የለም። ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት ጦሩ ሙዚቀኛ ሲመለምል፣ ካስፓር የሚባል ፈረንጅ መምህር ምልምሎቹን በቁመት አሰልፎ ትልቁን መሣሪያ ለትልቁ ሰው፣ ትንሹን ለትንሹ እያደለ መጣ። ተድላ ከሰልፉ መጨረሻ ነው። እሱ ጋ ሲደርስ ሣጥኑ ውስጥ የቀረችው አንዲት ቀጭን የብር ዘንግ ናት። ተድላ የጠመንጃ መወልወያ መሰለችውና ሁለት ቀን ሙሉ የግምጃ ቤቱን ጠመንጃ ሲወለውልባት ዋለ። በሦስተኛው ቀን አንዱን አፈ ሙዝ ጠርጎ የዘንጓን አቧራ እፍ ሲል ዘንጓ ጮኸች፤ ጥበቃው እጁን ወደ ላይ አነሣ። ይህ እንግዲህ በወንዳፍራሽ አፍ ነው። እውነቱ ሁለት ቀን ሳይሆን ሁለት ደቂቃ ይሆናል፤ ጠመንጃም ላይኖር ይችላል። ፈረንጁ ግን በእርግጥ ነበረ። የቀረችውን መሣሪያ ያነሣው ተድላም ሦስት ዓመት ሳይሞላው የሚያስቀምጡለትን የፈረንጅ የዜማ ወረቀት ሁሉ ሳያቋርጥ የሚነፋ ሆነ። «ሙሴ» የሚለውን የፈረንጅ ማዕረግ የሰበታ ሰው የሰጠው ለዚያ ነው። ግማሹ ለአክብሮት፣ ግማሹ ለሽሙጥ።

ዛሬ ግን ወንዳፍራሽ ይህን ሊያወራ አፉን ከፍቶ ዘጋው። ከሴቶቹ መሐል የሺወርቅ ጥለቷን ወደ ታች ጥላ ዓይኗን ሳታረጥብ ተቀምጣለች።

*

በማግስቱ ረፋድ ሙሄዲን ከሱቁ ብቅ ብሎ ወንዳፍራሽን በጥቅሻ ጠራው። ነጋዴ ሲጠቅስ ወይ ዕቃ ተደብቋል ወይ ነገር ተደብቋል።

«ደብተሩን አይተሃል አሉ» አለ ሙሄዲን። «እኔ አለሁበት?»

«አንተ ምን ልታደርግ ትገባበታለህ?»

«እንግዲህ አታስለፍልፈኝ። ያ ሰውዬ ምን ይሠራ እንደነበረ ሁላችን እንጠረጥራለን። አሥር ዓመት እዚህ ሲኖር ሥራው ምን ነበር? ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ልጆች ዋሽንት ያስተምራል፣ እሺ። ከዚያ ሌላ ጊዜ? በረንዳህ ሥር ይቆማል፣ ገበያ መሐል ይቆማል፣ ሰው ሲጣራ ‹እስቲ ድገመው› ይላል፣ ከዚያ ከኪሱ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። ጆሮ ጠቢ ካልሆነ ምንድን ነው? እኔ ሱቅ አንድ ቀን መጥቶ በሩን አሥር ጊዜ ከፈተ፣ አሥር ጊዜ ዘጋ። ምን ፈለጉ ስለው ‹ምንም› ብሎኝ ጻፈ። የመንግሥት ሰው ነው ብዬ ሳምንት አልተኛሁም።»

ወንዳፍራሽ ደብተሩን በኪሱ ይዞታል፤ የሺወርቅ «ዓይኔ ሥር አይዋል» ብላ አስረክባዋለች። ገለጠው። ሙሄዲን እውነቱን ነው፤ አለበት። «ሁለተኛ። ከሙሄዲን ሱቅ።»

«ምን ይላል?»

«ላላ ይላል» አለ ወንዳፍራሽ ፊደሎቹን ሰብስቦ። «ከዚያ ዝም። ከዚያ ፋፋ።»

የሙሄዲን ፊት አመድ መሰለ። «ሚዛኑ ላላ። ዝም ተባለ። ባለቤቱ ፋፋ» አለ በሹክሹክታ። «ያ ረቢ። ሚዛኔ ላልቶ አያውቅም ወንዴ፤ አንተ ምስክሬ ነህ። መፋፋቱስ ቢሆን የእናቴ ወገን ሁሉ እንዲህ ነው።»

እና ሚዛኑን ሊያሳየው እጁን ይዞ ወደ ሱቁ ጎተተው፣ በሩንም ገፋው።

በሩ ጮኸ። ሲከፈት ሁለቴ፣ እኩል ድምፅ። መሐል ላይ ማጠፊያው ያዝ አድርጎት ዝም አለ። ሊያልቅ ሲል ደግሞ ዝቅ ብሎ ሁለቴ።

ወንዳፍራሽ ደፉ ላይ ቆመ። «እስቲ ድገመው» አለ።

«ምኑን?»

«በሩን። ዝጋና ክፈተው።»

ሙሄዲን ሽብር እንደያዘው ዘጋው፣ ከፈተው። ላ፣ ላ። ዝም። ፋ፣ ፋ። ወንዳፍራሽ ሰብስቧቸው የነበሩትን ፊደሎች አየ። ለካ ተራርቀው የተጻፉት መራራቅ ስላለባቸው ነው። ያን ጊዜ ሌላም ነገር ትዝ አለው፤ ሙሴ ተድላ እዚሁ በረንዳ ላይ አጠገቡ ተቀምጦ «ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ» እያለ በጣቱ ጉልበቱን ሲመታ፣ «ምን ቋንቋ ነው?» ሲለው፣ «የድምፅ ስም ነው። ሰው ስም እንዳለው ድምፅም ስም አለው» ያለው። እሱም ያን ጊዜ ስቆ «ታዲያ የአባታቸውስ ስም?» ብሎት ነበር።

የአባታቸው ስም። ወንዳፍራሽ ግንባሩን በደብተሩ መታ።

*

«በር ነው?» አለች የሺወርቅ።

«በር ነው እትዬ። የሙሄዲን በር። ጥሩምባውም አለ፤ አምስተኛው ላይ ‹ከባጫ› ይላል፣ ሬ ሬ ሬ ብቻ ነው። ሚሚ ሰው አይደለችም። ሚ የድምፅ ስም ነው፣ ሁለቴ ነው የተጻፈው።»

ጓሮ ቆመው ነው የሚያወሩት። የሺወርቅ የሠልስቱን ንፍሮ ስንዴ ትለቅማለች፤ ሴቶቹ «አንቺ ተቀመጪ» ቢሏት አሻፈረኝ ብላለች።

«ከቤት የሚለውስ?»

«ከቤት የሚወጣ ድምፅ ይሆናላ። በር፣ ወይ መስኮት...»

«የኔ ቤት በር ድምፅ የለውም። እሱ ሲነፋ እንዳይጮህ በየሳምንቱ ቅባት የምቀባው እኔ ነኝ።» ጠጠር አንሥታ ወረወረች። «ሐሙስ ቡራዩ የሚለውስ የምን በር ነው?»

ወንዳፍራሽ መሬት መሬት አየ። «እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ደብተሩ ላይ የለም።»

የሺወርቅ ከሰፌዱ ቀና አለች።

«ትናንት ነው የዋሸኸው ወይስ ዛሬ?»

«ትናንት።»

«እሱን የምታረጋግጥልኝ በማን ነው? በራስህ?»

ዕድሜውን ሙሉ ውሸቱን በሳቅ ሲሸጥ ኖሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ይዞ ገበያ ወጣ፤ የሚገዛው የለም።

«ስማኝ ወንዳፍራሽ» አለች። «እኔ ሞኝ አይደለሁም። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ትልቅ አዳራሽ ወሰደኝ፤ ራሱ የደረሰውን ሊነፋ። ፊት ወንበር አስቀመጠኝ። ከመድረክ ወጣ፣ አንዴ ጢው አደረገ፣ ቆመ። ደግሞ እንደ ዝናብ ጠብታ ጠብ ጠብ አደረገ፣ ቆመ። ሰው ሁሉ መሣሪያውን እያስተካከለ ነው፣ አሁን ይጀምራል ብሎ ሲጠብቅ፣ እጅ ነሥቶ ጨረሰ። ‹መቼ ጀመረ?› አለ ከኋላዬ ያለው። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ገብቶኝ መስሎህ ነው? ሰው ጀርባውን ሲሰጠው ጊዜ፣ አንድ ሰው እንኳን ፊቱን ይስጠው ብዬ ነው። ስንመለስ አውቶቡስ ላይ ‹የሺ፣ ከዛሬ በኋላ ጆሮሽ የሚያውቀውን እጽፋለሁ› አለኝ። ስጠብቅ ኖርኩ። አንድ ቀን ‹ይኼ ያንቺ ነው› አላለኝም።»

«ሊሉ አስበው ይሆናል።»

«ከሰኔ ወዲህ እዚህ ቤት ፍሉት አልነፋም። አንድ ቀን። ደከመኝ ይላል። ሐሙስ ሲሆን ግን ሣጥኑን ይዞ ይወጣል። ትንፋሹን ለማን እንደሚቆጥብ አሁን ገባኝ።»

ሰፌዱን አንሥታ ገባች። ወንዳፍራሽ ጓሮ ብቻውን ቀረ። የገዛ ማስረጃውን እየመዘነ እሱም ጠረጠረ። በሩ እውነት ነው፤ ጥሩምባውም እውነት ነው። ሐሙስስ? ፍሉቱስ የት ሄደ?

*

በሠልስቱ ቀን ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ገበታ ሲቀርብ፣ ከአውቶቡስ መውረጃው በኩል ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ነው። ሁለተኛዋ ክንዱን የያዘች፣ ሃያ ዓመት የማይሞላት ቀይ ዳማ ልጅ ናት፤ እያለቀሰች ነው የምትመጣው። ደረቷ ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በነጠላዋ አስራለች።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ጉርሻ በየአፉ ቆመ።

«መጣች» አለች አንዷ።

«በሠልስቱ፣ ያውም በቀን» አለች አረጋሽ። «እንዴት ያለች ዓይን አውጣ ናት።»

ከዚያ በልጅቷ በሌላው እጅ መሬቱን እየዳሰሰ የሚመጣውን በትር አየች። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ቆሞ አለቀሰ፣ ቀጥሎ «ዋቅኒ ኢሲን ሀ ጀጀቤሱ» አለ፤ እግዜር ያጽናችሁ ነው። «ገርባ እባላለሁ፣ ከቡራዩ። ይቺ ልጄ ናት። ትናንት ነው የሰማነው።»

የሺወርቅ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። «ልጅሽ... ልጅህ ማን ትባላለች?» አለች ምላሷ ተሳስሮ።

«ወርቅቱ» አለች ልጅቷ ራሷ፣ ድምፁ ወደመጣበት ዞራ።

«ሚሚ የሚልሽ የለም?»

«ኧረ እኔን ሚሚ ያለኝ የለም እትዬ። እቤትም ወርቄ ነው የሚሉኝ።» ጥቅልሉን ከደረቷ ፈትታ በሁለት እጇ ዘረጋች። «ይኼን ላስረክብ ነው የመጣሁት። የመምህር ነው።»

ጨርቁ ተፈታ። ብሩ በድንኳኑ ቀዳዳ የገባውን ፀሐይ ያዘው። ሴቶቹ ተያዩ፤ የጠረጠሩት ነገር እንዲህ በግላጭ ሲቀርብላቸው ምን እንደሚያደርጉት አላወቁም።

«ለምን ሰጠሽ?» አለች የሺወርቅ።

ወርቅቱ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እዚህ ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህሬ ነበሩ። ጨርሼ ቡራዩ ስመለስ ‹ጅምር አይቀርም› ብለው ሐሙስ ሐሙስ ይመጡልኝ ጀመር። ከሰኔ ወዲህ ግን መንፋት አልቻሉም። ትንፋሻቸው ከግማሽ መንገድ ይመለሳል። ሐኪሙ ምን እንዳላቸው እኔ አላውቅም፤ ‹እቤት እንዳትሰማ፤ የነፋሁ እንዲመስላት ሣጥኑን ይዤ እወጣለሁ› ይሉ ነበር። እኔ ወረቀት አላይም፣ እሳቸው መንፋት አይችሉም። ስለዚህ ደብተር ላይ በፊደል ጽፈው ይመጡና ያነቡልኛል፤ እኔ እነፋለሁ። ባለፈው ሐሙስ ‹ሰባተኛውን እስክታጠሪው እሱን እዚሁ አቆዪው› ብለው ባዶ ሣጥን ይዘው ሄዱ።»

በድንኳኑ ውስጥ ካርታ የያዘው ካርታውን፣ ጽዋ የያዘው ጽዋውን እንደያዘ ቀርቷል። የሺወርቅ ወደ ወንዳፍራሽ ዞረች።

«ደብተሩን አምጣ። ሰባተኛውን አንብብ። ምንም እንዳትጨምር።»

ወንዳፍራሽ ተነሣ። ያለውን ብቻ፣ የተራራቀውን አራርቆ አነበበ።

«ሰባተኛ። ከቤት። ሚ። ሚ። ሶ። ሬ። ዝም። ሚ። ሚ። ሶ። ሬ።»

የወርቅቱ ጣቶች ገና ሁለተኛው ሚ ላይ ብሩ ላይ መንቀሳቀስ ጀምረው ነበር። «እሱ ነው» አለች። «ከፈቀዳችሁ...»

አንዱ ቄስ «በለቅሶ ቤት ዋሽንት?» ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባጫ ጥሩምባውን ከእግሩ ሥር አንሥቶ አሳያቸው። «አባ፣ እኔም እኮ ነፍቼ ነው የጠራኋችሁ።»

ልጅቷ ነፋች።

አራት ድምፅ ነው። ሁለቱ እኩል፣ ሦስተኛው እንደ ማድ ቤት ጢስ ቀና ብሎ የሚወጣ፣ አራተኛው ዝቅ ብሎ ደጃፍ ላይ የሚቀመጥ። ከዚያ ዝም አለች፤ ፍሉቱን ከከንፈሯ ሳታነሣ፣ አንድ ሰው ከጓሮ እስከ ሳሎን የሚራመድበትን ያህል ዝም አለች።

አረጋሽ ነች መጀመሪያ የሰማችው። አጥር የምትጋራ እሷ ናት።

«ኧረ የሺ» አለች። «ይኼማ አንቺ ነሽ።»

ሰበታ የሚያውቀው ድምፅ ነበር። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከዚህ ግቢ የሚወጣ፣ ባጫ ለምሳ የሚነሣበት፣ ሙሄዲን ሰዓቱን የሚያስተካክልበት። የሺወርቅ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ቆማ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ፍሉት ወደሚነፋበት ክፍል የምትጣራው። *ይም ጡ፣ ይብ ሉ።* እሱ ግን አንድ ጊዜ ተጠርቶ መጥቶ አያውቅም። ሁለተኛ ካልተጠራ አይመጣም። ሰው ሁሉ ሙሴ ተድላ ጆሮው ለፍሉት እንጂ ለምሳ አይደለም ይል ነበር።

የሺወርቅ ስትናገር ድምፅዋ ከሩቅ የመጣ ይመስል ነበር።

«ታዲያ ለምን አይመጡም ነበር?»

ወንዳፍራሽ ሰማ። አይመጡም። የጎደለችው ፊደል ተመለሰች።

ወርቅቱ ፍሉቱን ጉልበቷ ላይ አኖረች። «እኔ መጀመሪያ ስነፋው ዝምታውን አሳጠርኩት። ተቆጡኝ። ‹አትቸኩዪ› አሉኝ፤ ‹እኔ ስሰማት ያልሰማሁ የምመስለው ለምን ይመስልሻል? ዝም ካልኩ ሁለተኛ ትጣራለች።›»

ከሴቶቹ አንዷም አላለቀሰችም፤ ገና የባለ ሐዘኗ ተራ ነው። ሙሄዲን ከድንኳኑ ጫፍ ሆኖ የሱቁን በር ቁልፍ በኪሱ ውስጥ ጨብጦ ቆሟል፤ በዚያ ሳምንት ለማጠፊያው ሊገዛ ያሰበውን ዘይት ተወው።

«ድገሚው» አለች የሺወርቅ።

ልጅቷ ደገመችው። አራቱን ድምፅ አወጣች፣ ከዚያ ዝም አለች። ወንዳፍራሽ ደብተሩን እንደያዘ ዝምታውን በልቡ ቆጠረው፤ ሁለተኛው ጥሪ መምጫው ሲደርስ ልጅቷ አልነፋችም። ትጠብቃለች። የሺወርቅ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ድምፁ አልወጣም፣ ቅርጹ ግን ይም ጡ፣ ይብ ሉ ነበር።

ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። በሁለት እጇ ዘርግታ አንድ ጊዜ አራገፈችው፣ ገለበጠችው፣ ጥለቱንም አንገቷ ሥር አድርጋ ለበሰች።